«ቀመሩን ካወቀ ገብቶታል» ይባላል እንዴ?

የሸዋበር እናት፦ ትናንት ደሴ፣ አንድ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ነበርኩ። ስለ 5ኛ ክፍል ሒሳብ ሲነሳ አንድ መምህር «ዙሪያና ስፋትን ጨርሰናል፣ ውጤታቸው ጥሩ ነው፣ ቀመሩን ካወቀ ገብቶታል» አሉ። እስካሁን ንዴቱ አልበረደልኝም። ልጄ ከ10 ዘጠኝ አምጥታለች። ቤት ስትገባ ጠየቅኳት። በ20 ሜትር ሽቦ 9 በ1 የሆነ ጓሮ አጠርን። በሌላ 20 ሜትር ደግሞ 5 በ5። ብዙ ጎመን የሚይዘው የትኛው ነው? «ሽቦው እኩል ስለሆነ እኩል ነው» አለችኝ። አንዱ 9 ካሬ፣ ሌላው 25 ካሬ! ይሄ ነው የገባት?

መምህር ከኩታበር፦ እህቴ፣ መምህር መውቀስ ቀላል ነው። እኛ ጋ አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ተጨናንቆ ነው የሚማረው። በ2014 በጦርነቱ የተዘረፈብን ገና አልተሟላም። ክልላዊ ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው። ርዝመት ሲባዛ በወርድ፣ አለቀ። ልጅዎ ዘጠኝ ያመጣችው ቀመሩን ስላወቀች ነው። ገብቷታል ማለት ነው።

ጦሳ ሥር፦ 9 እና 25 እኩል ነው ያለች ልጅ «ገብቷታል»? አንተ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው እስቲ።

መምህር ከኩታበር፦ አንተ አትበለኝ። አንተና አንቺ የምንባባል ሰዎች አይደለንም።

ግንበኛ ከኮምቦልቻ፦ መምህር፣ ስለ አንቱታው ይቅርታ እኔ ልጠይቅ፣ ነገሩ ግን እውነት ነው። ሴራሚክ በካሬ ይገዛል፣ ዞኮሎ (የግድግዳውን ግርጌ የሚዞረው) በሜትር። 4 በ5 ለሆነ ክፍል ሴራሚኩ 20 ካሬ ነው። ዞኮሎው 18 ሜትር፣ በሩ ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። ተምረው የሚመጡ ልጆች ግን ለሁለቱም አራትን በአምስት አባዝተው 20 ይሉኛል። ቀመሩማ አፋቸው ላይ አለ። የቱን መቼ እንደሚጠቀሙ ነው የጠፋቸው።

መምህር ከኩታበር፦ የ11 ዓመት ልጅና ሴራሚክ ምን አገናኘው? እስቲ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተው ያስተምሩና እንነጋገር።

የወረኢሉ ልጅ፦ ሴራሚኩን ተዉት፣ መሬት ላይ እንምጣ። በውርስ ክፍፍል አንዱ ወንድም 125 በ16፣ ሌላው 50 በ50 ደረሰው እንበል። ረጅሙን ዞሮ የደከመው «የኔ ይበልጣል» ይላል። ዙሪያው 282 ሜትር ነዋ፣ የወንድሙ 200። ስፋቱ ግን 2,000 ካሬ ሜትር ነው፣ የወንድሙ 2,500። እኛ አገር በዚህ ስንት ሽማግሌ ይቀመጣል! አባቶቻችን ግን ያለ ቀመር በጥማድ ይለኩ ነበር።

ጦሳ ሥር፦ ጥማድ ልኬት ነው እንዴ? ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው። ዳገትና ሜዳ ላይ እኩል ይታረሳል?

የወረኢሉ ልጅ፦ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። ከተሜ ስለ ጥማድ አያስተምረኝም።

መምህርት ከሐይቅ፦ ኧረ ወደ ልጆቹ እንመለስ፣ በአላህ። እኔም አስተምራለሁ፣ የእኔም ክፍል ሙሉ ነው። ባለካሬ ደብተር ላይ 10 በ6 ያስላሉ። ከዚያ ከአንዱ ጥግ 2 በ2 ቁረጡ እላቸዋለሁ። ስፋቱ ምን ሆነ? ዙሪያውስ? ብዙዎቹ ሁለቱም ቀነሱ ይላሉ። ስፋቱ ከ60 ወደ 56 ወርዷል። ዙሪያው ግን 32 ነበር፣ አሁንም 32 ነው። በጣታቸው ዞረው ሲቆጥሩት ዓይናቸው ይፈጣል። ሌላው 4 በ4 ነው። ዙሪያው 16፣ ስፋቱም 16። «16 ምን?» ብዬ እጠይቃለሁ። እዚያ ላይ ዝም ያለ ልጅ፣ ቀመሩን በቃሉ ቢወጣውም አልገባውም። የኩታበሩ መምህር፣ ወንድሜ፣ ይሄ ብር አይጠይቅም።

መምህር ከኩታበር፦ ማን ያርመዋል? የሁሉንም ደብተር? ፖርሽን መጨረስስ?

መምህርት ከሐይቅ፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መስመር መልስ። በየዴስኩ መሐል እያለፉ ይታያል። ሲሳሳቱም የት እንደሳቱ ያሳያል። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ያንን አይነግርዎትም፣ ገምቶ ያገኘና አውቆ ያገኘ እኩል ነው።

መምህር ከኩታበር፦ ሐይቅ ላይ ይሆን ይሆናል። እኔ ያንን ፈተና ላይ ባወጣ ግማሽ ክፍል ይወድቃል። ያኔ መጀመሪያ የሚጮኸው ወላጅ ነው። አሁን «ይግባቸው» የሚለው ሁሉ ያኔ «ልጄ ለምን ስድስት አመጣ» ብሎ ቢሮ ይመጣል። አይተናል።

የሸዋበር እናት፦ መምህር፣ እኔ አልመጣም። ስድስት ታምጣ። ስድስት ብታመጣ እንደገና ታስረዷት ነበር። ዘጠኝ ሰጥታችሁ ግን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፋችሁ፣ እሷም የምታውቅ መስሏት አለፈች። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

መምህር ከኩታበር፦ እርስዎ አንድ ወላጅ ነዎት። የተቀሩትን ይጠይቋቸው።

ግንበኛ ከኮምቦልቻ፦ መምህር፣ ያቺን የጥጓን ጥያቄ ግን ነገ ክፍል ውስጥ ይሞክሯት። ፈተና አያድርጓት።

መምህር ከኩታበር፦ ነገ ክለሳ ነው። ቀመር።