ለወፍ አደንም ለልጆችም የሚሆን ትንሽ ስፓኒየል ውሻ፦ የቱን ልምረጥ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች አባት

ሰላም ለሁላችሁ። በአደን ወቅት ቅዳሜና እሁድ ቆቅና ድርጭት አድናለሁ፤ አልፎ አልፎ ዳክዬም። እስካሁን የምወጣው በጓደኛዬ ውሻ ነበር። እሱ ከነውሻው ሌላ ቦታ ሲሄድ ባዶ እጄን ቀረሁ። አሁን የራሴን ልይዝ ነው።

ችግሩ ቤት ነው። የ5 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ ቁርጡን ነግራኛለች፦ «ትልቅ ውሻ እዚህ ቤት አይገባም። ውጭ ታስሮ ሲያላዝን የሚያድርም አልፈልግም።» ቤታችን ጠባብ ነው፤ ትንሽዬ ግቢ አለችን።

እኔ ኮከር ስፓኒየል አስቤያለሁ። አንዱ «ቦይኪን ያዝ» ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የካቫሊየር ቡችላ በነጻ ልስጥህ ብሎኛል። «እሱም ስፓኒየል ነው» ባይ ነው። የቱ ይሻለኛል? ወንድ ወይስ ሴት? ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ ያደገ ውሻ አደን ላይ ይሰንፋል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ጭጎጎት ለቃሚ

ኮከር ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ወንድሜ፣ ኮከር ሲባል አንድ ዓይነት ውሻ እንዳይመስልህ።

የእንግሊዙ ኮከር ትከሻው ላይ ሲለካ ከ38 እስከ 41 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ከ13 እስከ 15 ኪሎ ገደማ ነው። ስሙንም ያገኘው ውድኮክ ከሚባለው የጫካ ወፍ ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ እሱን ያስነሳ ነበር። የአሜሪካኑ ኮከር ትንሽ ያንሳል፣ ፀጉሩ ግን እንደ ቀሚስ ይንዘረፈፋል። ሁለቱ አሜሪካ ውስጥ እንደ የተለያየ ዝርያ የተመዘገቡት በ1946 ነው። የአሜሪካኑን ይዘህ ቁጥቋጦ ከገባህ ማታህን ጭጎጎት ስትለቅም ታሳልፋለህ። ስሜን ያገኘሁት እንዲያ ነው፤ አንድ ማታ ከብብቱ ሥር ብቻ እፍኝ ሙሉ ለቅሜያለሁ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የእንግሊዙም ራሱ ሁለት ዘር አለው። አንዱ ለቁንጅና ውድድር የሚራባ ነው፦ ጆሮው ረጅም፣ ፀጉሩ ብዙ፣ ረጋ ያለ። ሌላው ለሥራ የሚራባ ነው፦ ቀለል ያለ፣ ፀጉሩ አጠር ያለ፣ ሞተር የተገጠመለት። የወረቀቱ ስም አንድ ነው፣ ውሾቹ ግን አይገናኙም። «ኮከር አለኝ» የሚልህን ሰው መጀመሪያ የምትጠይቀው «እናትና አባቱ አደን ይወጣሉ ወይ?» ብለህ ነው።

መልስ፦ ውሃ ወዳድ

ቦይኪን አለኝና ስለሱ ልናገር። አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የተፈጠረ ውሻ ነው። የወንዝ አዳኞች በትንሽ ጀልባ ሲሄዱ ትልቅ ውሻ ጀልባውን ስለሚያናውጥባቸው ትንሽ ውሻ ፈለጉ፤ ቦይኪን የመጣው ከዚያ ነው። ከ1985 ጀምሮ የዚያ ግዛት ይፋዊ ውሻ ነው። መልኩ ቡናማ ብቻ ነው፤ ክብደቱ ከ11 እስከ 18 ኪሎ።

የኔዋ ልጆች ላይ ገር ናት፤ ውሃ ካየች ግን አለቀ። ዳክዬ ዋናህ ቢሆን ኖሮ ያለጥርጥር ቦይኪን እልህ ነበር። «አልፎ አልፎ» ካልክ ኮከሩም ይዋኛል። ከአሜሪካ ውጭ ቦይኪን ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ አደን ነው።

መልስ፦ ሰፊ ሜዳ

ለምን ስፕሪንገር አትይዝም? እሱም ቤት ይኖራል፣ ጉልበቱም ይበልጣል።

መልስ፦ ጭጎጎት ለቃሚ

@ሰፊ ሜዳ፣ ስፕሪንገር 20 ኪሎ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ሚስቱ ምን እንዳለች አላነበብክም እንዴ?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ

በነጻ ስለተባለው ካቫሊየር፦ ደግ፣ ገር፣ ለልጆች የሚመች ውሻ ነው። የተራባው ግን ጭን ላይ እንዲቀመጥ ነው። ከ5 እስከ 8 ኪሎ የምትመዝን ነፍስ ቀኑን ሙሉ እሾህ ውስጥ ስትገባ አስበው። ወፍ የሚያባርር ካቫሊየር አይጠፋም፤ ግን ዝርያው በልብ ቫልቭ በሽታ የታወቀ ነው፤ ብዙዎቹ ገና በመካከለኛ ዕድሜያቸው ይይዛቸዋል። የሩጫ ሸክም ልትጭንበት አይገባም።

ኮከር ከመረጥክ ሁለት የዘረመል ምርመራዎችን ጠይቅ። አንዱ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋው ፒአርኤ ነው፤ ሌላው በወጣትነት ኩላሊትን የሚገድለው ኤፍኤን ነው። ሁለቱም የሚመጡት ቡችላው የተበላሸውን ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከወላጆቹ አንዱ ነጻ መሆኑ በምርመራ ከተረጋገጠ ቡችላው በዚያ በሽታ አይያዝም። የዳሌ ራጅም ካለ ተመልከት። ለቦይኪን ደግሞ ከዳሌና ከዓይን በተጨማሪ ኢአይሲ የሚባለውን፣ ውሻው በከባድ ሩጫ መሃል እግሩ የሚከዳውን ችግር አስመርምር። «የኔ ውሾች ታመው አያውቁም» የሚል አራቢ ወረቀቱን ያሳይህ።

ከዚያ በኋላ ጆሮ። የተንጠለጠለ ጆሮ አየር አያስገባም። ከውሃ ሲወጣ ውስጡን አድርቅለት፤ በሳምንት አንዴ ገልብጠህ አሽትት። እርሾ እርሾ ከሸተተህ ወይም ጭንቅላቱን እያራገፈ ካስቸገረ ወደ ሐኪም ይዘኸው ሂድ። ከሣር ውስጥ ሲመለስ ደግሞ የጣቶቹን መሃል ዳስስ፤ የደረቀ የሣር እሾህ ቆዳ በስቶ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መልስ፦ አሮጌው ቦርሳ

ልጄ፣ ስፓኒየል ሳሳድግ ዕድሜዬ ሄደ። ላሳጥርልህ ብል አልችልም፣ ታገሰኝ።

ቤት ያደገ ውሻ ይሰንፋል የሚባለው ወሬ ነው። ስፓኒየል ወፉን ፊት ለፊትህ ነው የሚያስነሳው። ከ20 ወይም ከ30 ሜትር በላይ ከራቀ ወፉ ቢነሳም አትደርስበትም። እንዲህ ቅርብህ የሚሠራ ውሻ ዓይንህን የሚያነብ መሆን አለበት፤ ዓይንህን ማንበብ የሚማረው ደግሞ አብሮህ ሲኖር ነው። አደን በዓመት ስንት ቀን ትወጣለህ? የቀረውን ቀን የሚኖረው ከሚስትህና ከልጆችህ ጋር ነው።

ውሻ የሚበላሸው በቤት ሳይሆን በጨዋታ ነው። ልጆች ኳስ 40 ጊዜ ይወረውሩለታል፤ በ41ኛው ይሰለቸዋል፣ ወይም የተጣለ ሁሉ የሱ ይመስለዋል። ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል፤ ግማሹን ልጁ ራሱ ሄዶ ያንሳው፣ ውሻው ቁጭ ብሎ ይይ። ካልሲ ሰርቆ ሲሮጥ ደግሞ ማንም እንዳያባርረው! ተንበርክከህ ጥራው፣ ሲመጣ አሞግሰው፣ በምግብ ለውጠህ ተቀበለው። ያባረርከው ቡችላ ነገ ወፍ ይዞ ይሸሽሃል፤ የነጠቅከው ደግሞ ጥርሱን ያጠብቃል፣ ቆቋን ጨፍልቆ ያመጣልሃል። የትእዛዙ ቃልም በቤቱ ሁሉ አንድ ይሁን። አንዱ «ቁጭ»፣ ሌላው «ተቀመጥ» ካለው የቱን ይስማ?

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርህ። አንዲት ግሩም ኮከር ነበረችኝ። በ7 ወሯ፣ ተኩስ ሳላለማምዳት፣ አምስት ጠመንጃ ወዳለበት የቡድን አደን ወሰድኳት። በመጀመሪያው ተኩስ መኪና ሥር ገባች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠመንጃዬን ቦርሳ ባየች ቁጥር አልጋ ሥር ትደበቅ ነበር። ቦርሳውን ብቻ አይታ! ስለዚህ አትቸኩል። ቡችላው በደስታ ሲሮጥ ወይም ሲበላ፣ ሌላ ሰው 100 ሜትር ርቆ ትንሽ ድምፅ ያሰማ። ጆሮውን ካላቆመ በየሳምንቱ ትንሽ ቀረብ። ከደነገጠ ወደ ኋላ ተመለስ። ዓመት ሳይሞላው ቀኑን ሙሉ የሚውል አደን አታውጣው።

ወንድ ወይስ ሴት ላልከው፣ ልዩነቱ የሚባለውን ያህል አይደለም። ሴቷ ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ እነዚያን የአደን ሳምንታት ታጣለህ፤ ወንዱ ደግሞ የጎረቤት ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ ጆሮ አይኖረውም።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች አባት

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሁላችሁንም። የሥራ ዘር ኮከር አገኘሁ። የምርመራ ወረቀቱን አይቻለሁ፣ እናቲቱም ትናንት ፊቴ ስትሠራ አየኋት። 7 ሳምንት የሆናቸው ቡችሎች ናቸው፤ የቀሩት ሁለት ሴቶች። አንዷ እንደ እሳት ናት፣ ወንድሞቿን ረግጣ መጀመሪያ የምትደርሰው እሷ። ሌላዋ ትንሽ ቆይታ ነው የምትመጣው፣ ስትመጣ ግን ጫማዬ ላይ ተኛች። ልጄ የመጀመሪያዋን ወዷል። የቷን?

መልስ፦ አሮጌው ቦርሳ

ነገ ተመልሰህ ሂድ፤ ልጆቹንም ውሰድ። ለየብቻ፣ ከእናታቸው አርቀህ እያቸው። የቆቅ ክንፍ በክር አስረህ ሣሩ ላይ ጎትት። ሁለቱም ይከተሉታል ብዬ አስባለሁ፤ አንተ የምታየው ከያዙ በኋላ የሚያደርጉትን ነው። ከዚያ የቁልፍ መያዣህን ከኋላቸው ጣል። መደንገጡ ምንም አይደለም፤ ቶሎ ተመልሳ የምታሸትተውን ፈልግ። ጫማህ ላይ የተኛችው ይህንን ካለፈች ልጅህ ምንም ይበል፣ እሷን ያዝ። እሳቷ ለአንድ ልምድ ላለው ሰው ትሁን። ያለሱ ቤትህን ትበላዋለች።

የሁለት ልጆች አባት

ሄድን። እሳቷ ክንፉን ይዛ አጥር ሥር ገባች፣ ለማውጣት ሦስት ሰው ፈጀ። ሌላዋ ይዛ ቆመች፣ ዞር ብላ አየችን፣ ከዚያ ለትንሿ ልጄ አመጣችላት። ቁልፉ ሲወድቅ ሸሸት ብላ ተመልሳ አሸተተችው። ልጄ በመንገድ ላይ «ቆቂት» ብሎ ሰየማት። 8 ሳምንት ሲሞላት እናመጣታለን። ባለቤቴ ቅርጫቷን የት እንደምናስቀምጥ እየለካች ነው፤ እስካሁን የመረጠችው ቦታ የኛ መኝታ ቤት ነው።