ሥራ ላይ እጄን ወለም ብሎኛል፤ ለአለቃዬ ምን ማሳወቅ አለብኝ?

የመጋዘን ሠራተኛ (ጠያቂ)፦ ትናንት ካርቶን ስደረድር የቀኝ እጄን አንጓ ወለም አለኝ። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ «ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቅጽ አይሞላም» ይላል። ዛሬ ግን አብጧል፤ ዕቃ ጨብጬ መያዝ አልቻልኩም። ለአለቃዬ የመንገር ግዴታ አለብኝ? የጤናዬን ዝርዝር ሁሉስ? ለአለርጂ የምወስደው ክኒንም አለ።

የድሮ ፎርማን፦ ወንድሜ፣ ባልደረባህን አትስማው። አሁኑኑ ደውል፤ የተናገርከውንም ወዲያው በጽሑፍ መልእክት ድገመው። ሰዓቱን፣ የትኛው መደርደሪያ አጠገብ እንደነበርክ፣ ምን እያነሳህ እንደነበር፣ ማን እንዳየ ጻፍ። «እጄን አሞኛል» ብቻ ብለህ ብትልክ፣ ነገ «ቤትህ የደረሰብህ ነው» ሲሉህ መልስ ታጣለህ። የአደጋ መዝገብ ካለ ይመዝገብልህ፤ የምትሞላውን ቅጽ ግልባጭም ያዝ።

ነርስ፦ ጣትህ ከደነዘዘ ወይም ከገረጣ ግን ስልኩ ይቆይ፤ ሕክምናው ይቅደም። አሠሪህ በዋናነት ማወቅ ያለበት የትኛውን ሥራ እንደማትችልና እስከ መቼ እንደሆነ ነው እንጂ የጤና ታሪክህን በሙሉ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ የሕመም ፈቃድ ሲጽፍልህ «በቀኝ እጁ ዕቃ አያንሳ» ዓይነት ግልጽ ገደብ እንዲያሰፍርበት ጠይቅ።

ክኒኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ክሎርፌኒራሚን ከሆነ እንቅልፍ ያመጣል፤ ፎርክሊፍት የምትነዳ ከሆነ ዝም ማለት የለብህም። እንደ ሎራታዲን ያለ እምብዛም የማያስተኛ መድኃኒት ይስማማህ እንደሆነ ሐኪሙን አማክር።

የወጥ ቤት ኃላፊ፦ ከጥያቄው ትንሽ ልውጣ። ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው መናገር አለበት፤ ካቆመለት በኋላም 48 ሰዓት ከምግብ ሥራ ይራቅ። ብዙዎች የሚደብቁት ደመወዝ እንዳይቆረጥባቸው ፈርተው ነው። አልፈርድባቸውም፤ ግን አንድ የታመመ እጅ ስንት ሰው ይጥላል!

የመጋዘን ሠራተኛ (ጠያቂ)፦ ደወልኩ፤ በጽሑፍም ላክሁ። አለቃዬ እስኪሻልህ ቆጠራ ላይ እመድብሃለሁ አለኝ። እምቢ ማለት እችላለሁ?

የድሮ ፎርማን፦ ሐኪሙ ከጻፈው ጋር ካልተጋጨ ለምን እምቢ ትላለህ? «እስቲ ይህችን አንዴ ብቻ አንሳልኝ» የመጣ ዕለት ግን ወረቀቱን አሳየው። ደግሞ በሕመም ፈቃድ ላይ ሆነህ ሌላ ቦታ ዕቃ ስታወርድ እንዳትገኝ፤ በዚህ ምክንያት እንጀራቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ።