አዲስ ሞተር ወይስ የመፍቻ ሳጥን? የጋራ ማመልከቻችን ረቂቅ

ጸሐፊው፦ እንዴት ሰነበታችሁ። እዚህ ጣና ዳር ሩዙ ከማሳ እየወጣ ነው። ሽንኩርቱ ሳይገባ ማመልከቻችን ወረዳ መድረስ አለበት። ባለፈው ስብሰባ "አዲስ የውሃ ሞተር ይሰጠን" ብለን ተስማምተን ነበር የተለያየነው። እኔ ግን በማግስቱ ዞሬ ያሉንን ቆጠርኩ። 11 ሞተር አለን። የሚሠራው 6 ነው። ከቆሙት 5 ውስጥ እውነት የሞተው 1 ብቻ ነው። 3ቱ ዋተር ሲላቸው (ውሃ የሚያግደው ቀለበት) ሄዷል። 1ዱ የማስነሻ ገመዱ ተበጥሶ ነው ዓመት ሙሉ ጥግ ይዞ የተቀመጠው። አፈርኩ። ስለዚህ ሐሳቤ፣ አዲስ ሞተር አንጠይቅ። መለዋወጫና የመፍቻ ሳጥን እንጠይቅ። ያልተስማማ ይጻፍ።

ከጉማራ ወንዝ ማዶ፦ እኔ አልተስማማሁም። የሚሰጥ ካለ ምን ሆነን እምቢ እንላለን? ደግሞስ ዋተር ሲል ብለህ ብትጽፍ ማን ይሰማሃል? ሞተር ሲያስረክቡ ፎቶ ይነሳል። ከዋተር ሲል ጋር ማን ፎቶ ይነሳል?

ጸሐፊው፦ ፎቶው ላይ አሸንፈኸኛል። ግን ከዚህ በፊት በእርዳታ የመጡት 2 ሞተሮች የት ናቸው? ስሪታቸው ከኛዎቹ ጋር አይገጥምም። ጓርኒሲዮናቸው (በመጋጠሚያ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ባሕር ዳር ሱቅ ለሱቅ ተፈልጎ ጠፋ። አንዱ ላይ ዛሬ ዶሮ ትተኛበታለች።

መካኒኩ፦ ስለ ዋተር ሲል እኔ ልናገር፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚያ ነው። በሞተሩና ውሃ በሚገፋው ክንፍ መካከል ዘንጉ ላይ የተሰካች ቀለበት ናት። ሁለት ፊት አላት። አንዱ ካርቦን ነው፣ ሌላው ሴራሚክ። ሁለቱ እየተፋተጉ ነው ውሃውን የሚያግዱት። የሚያቀዘቅዛቸው ራሱ ውሃው ነው። ፓምፑን ውሃ ሳትሞሉ ካስነሳችሁ ደቂቃዎች ይበቋታል፣ ትቃጠላለች።

ከዚያ እኛ ምን እናደርጋለን? ፈትተን ቃጫ በግራሶ ለውሰን እንጠቀጥቃለን። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ሁለት ቀን ይይዛል። በሦስተኛው ውሃው ዘንጉን ተከትሎ ወደ ሞተሩ ይገባል። የዘይት መለኪያውን ስትመዙት ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ነገር አለቀ። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ይበላል፣ ዘንጉ ይላጣል። ከዘንባባ ቀለበት የማትበልጥ ዕቃ ሙሉ ሞተር ይዛ ትሄዳለች።

ጸሐፊው፦ ይኼ ማመልከቻው ውስጥ ይግባ። የትኛውን የቤት ጥገና እንደምንቀጥል፣ የትኛውን እንደምንተው በራሳችን ቃል እንጻፍ። "በብልሃት ነው የኖርነው" ብለን ብቻ ብንለምን፣ "እንግዲያው በብልሃታችሁ ቀጥሉ" ነው መልሱ።

እትዬ፣ ከሐይቁ ዳር፦ የኔን ብልሃት እንዳትተውት ብቻ። እምቦጭ ከመጣ ወዲህ የተገዛ ወንፊት አልሆነልኝም። ሥሩ እንደ ፀጉር ነው፣ ጠቅልሎ ይዘጋዋል። አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን እወስዳለሁ። ሚስማር ከሰል ላይ አግሜ ዙሪያውን እበሳዋለሁ። ቀዳዳው ከትንሿ ጣቴ ይቀጥናል፣ ግን ብዙ ነው። የመሳቢያ ቱቦውን ጫፍ በአፉ አስገብቼ አስረዋለሁ። ሌላ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቄ ከላዩ አስራለሁ፣ እሱ ይንሳፈፋል። የተበሳው አንድ ክንድ ያህል ከውሃው በታች ይንጠለጠላል። ጭቃም አይስብ፣ እምቦጭም አያገኘው። ሰውዬው "ጀሪካን ጀሪካን ተሸክሞ" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሥሩን ለመንቀል በቀን አሥር ጊዜ ሞተር የሚያጠፋው እሱ ነው።

መካኒኩ፦ እትዬ፣ በጣም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከላይ ውሃው ሲሽከረከር፣ አዙሪት ሲሠራ ካዩ አየር እየገባ ነውና ትንሽ ዝቅ ያድርጉት።

ተማሪው፦ ስለ አየር ከተነሳ እኔም አንድ ነገር ልበል። ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን እንጂ ውሃውን ወደ ቱቦው ገፍቶ የሚያስገባው የአየር ክብደት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ይገፋል። ጣና ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ 8 ሜትር ገደማ ነው የሚሆነው። እሱም በወረቀት ላይ። ማሳ ላይ 5 ሜትር ካለፈ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ውሃ አይመጣም። ሐይቁ ደግሞ ክረምት ከወጣ እስከ ግንቦት ድረስ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ውሃው በጣም ይርቃል። እኛ የመሳቢያ ቱቦ እየቀጠልን እንከተለዋለን። መቀጠል ያለበት ግን የመግፊያው ቱቦ ነው። ሞተሩ ራሱ ወደ ውሃው መውረድ አለበት።

ከጉማራ ማዶ፦ ታዲያ በመጋቢት "ሞተሩ ደከመው" የምንለው ለዚህ ነው? እኔ እኮ ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ልቀይርለት ነበር!

ተማሪው፦ ፋሻውም ሊሆን ይችላል ጋሼ። ግን መጀመሪያ የቱቦውን መጋጠሚያ ማየት ነው። የሳይክል የውስጥ ጎማ በቀጭኑ ቆርጠን እየለጠጥን ብንጠመጥምበት፣ ቱቦው ሲስብ ጎማውንም ወደ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። ባሕር ዳር ደግሞ ሳይክል ጠጋኝ ዘንድ የተጣለ ጎማ ሞልቷል።

መካኒኩ፦ ይኼ ይቀጥል ከሚባለው ነው። የጫማ ካርቶን ጓርኒሲዮንም ይቀጥል፣ ግን በውሃው በኩል ብቻ፣ ዘይት ጠጥቶ። ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ ካርቶን ያደረገ ሰው ግን እኔ ጋ እንዳይመጣ። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) በሽቦ ብሩሽ መጥረግም ጥሩ ነው። ክፍተቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የብረት መጋዝ ስለት ትንሽ ላላ ብሎ ካለፈ ይበቃል። ቫልቭ በአሸዋና በዘይት መሞረድ ግን ይቅር። አሸዋው እዚያው ይቀራል፣ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። የአየር ማጣሪያ ቆሸሸ ብሎ አውልቆ መሥራትም ያው ነው። የፍራሽ ስፖንጅ በልኩ ቆርጣችሁ፣ ዘይት ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ አስገቡ።

ገንዘብ ያዥ፦ ዘይቱንስ? በየስንት ጊዜው ነው የሚቀየረው? እዚህ "እስኪጠቁር" የሚል አለ፣ "እስኪያልቅ" የሚልም አለ።

መካኒኩ፦ የትንንሾቹ የቤንዚን ሞተሮች መመሪያ አዲስ ከሆነ ከ20 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይላል። ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበቱ የሚይዘው 0.6 ሊትር ነው። ከአንድ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ያነሰ። ይህን የሚሰስት ሰው አይገባኝም። በሃይላንድ የሚሸጠውንም ቤንዚን ገዝታችሁ እንደመጣችሁ አትገልብጡት። ሌሊቱን ይቁም። ውሃ ካለበት ከታች ይረጋል፣ የመጨረሻዋን አንድ ጣት ተዉአት።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ አሁን ወደ ብር። ወረዳው ሳጥኑን ቢሰጠን እንኳ ዕቃው ሲያልቅ ማን ይሞላዋል? ሽንኩርት በተሸጠ ቁጥር ባለ ሞተር ሁሉ 300 ብር ያስገባ። ዕቃ የወሰደ ሰው ዋጋውን በመኸር ይመልስ። በነፃ ካልን በጥር ባዶ ሳጥን ነው የምናቅፈው።

ከጉማራ ማዶ፦ በዚህ እስማማለሁ። አዲስ ሞተርም ጨርሰን አንተው። የሞተውን 1 የሚተካ እንጠይቅ፣ እሱም ካሉን ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ፎቶ የሚነሱበት አያጡ!

ጸሐፊው፦ ጥሩ መጣህ። ዋናው አንቀጽ እንግዲህ እንዲህ ይሁን፦ "ማኅበራችን ካሉት 11 የውሃ ሞተሮች 4ቱ በትንሽ ዕቃ ጉድለት ቆመዋል። ዋተር ሲል፣ ፋሻ፣ ካንዴላ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የማስነሻ ገመድ እና አንድ የመፍቻ ሳጥን እንዲሟላልን፣ የማይጠገነውም 1 ሞተር በተመሳሳይ ስሪት እንዲተካልን እንጠይቃለን። የተላጡ ዘንጎችን የሚያስተካክል የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሥራ በፖሊ (የባሕር ዳሩ የቴክኒክ ተቋም) ወርክሾፕ በኩል እንዲመቻችልን ደብዳቤ ይጻፍልን። ዕቃውን ከአባላት መዋጮ እየተካን እንቀጥላለን።" ይቀጥልና ይቅር ያልነውን ከኋላ በ1 ገጽ እናያይዛለን። የእትዬን ጀሪካን ተማሪው በሥዕል ያውጣው።

እትዬ፣ ከሐይቁ ዳር፦ ሁለቱንም ጀሪካን ሣል ልጄ፣ የላይኛውን እንዳትረሳ። ሳጥኑስ የት ይቀመጣል? ወንዶቹ ቤት ከሆነ ፒንሳውን ለሚስማር መንቀያ ነው የሚጨርሱት።

ጸሐፊው፦ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ቁልፉን ገንዘብ ያዡ ይያዝ። ዋተር ሲሉ ላይ ግን ስንት ቁጥር ብዬ ልጻፍ?

መካኒኩ፦ በግምት አትጻፍ። ዋተር ሲል በዘንጉ ውፍረት ነው የሚገዛ። አንድ ሚሊ ከሳተ ከቃጫው አይሻልም። ቅዳሜ የቆሙትን 3ቱን በባጃጅ ጭናችሁ አምጡልኝ፣ ፈትቼ በካሊፐር እለካቸዋለሁ። ያን የዶሮ መኝታም አምጡት፣ ቡሎኖቹ ለኛዎቹ ይሆናሉ።