ቁልቁል ስተኩስ ጥይቱ ከዒላማው በላይ ያልፋል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ውድ አባላት፣ የሚቀጥለው ዙር ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለሚጀመር ፈጥናችሁ እንድትመልሱልኝ እለምናለሁ። ከኮረብታው አናት ላይ ሆኜ 400 ሜትር ርቆ ከታች ወደቆመው ዒላማ ሦስት ጊዜ ተኮስኩ፤ መነጽሩን ለ400 ሜትር አስተካክዬው ሳለ ሦስቱም ጥይቶች ከመሀሉ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ ብለው ሄዱ። ቀጣዩ ዒላማ ሽቅብ ነውና፣ በተገላቢጦሽ ከፍ አድርጌ ላነጣጥር?

ቀስ በቀስ፦ ርቀቱን በምን እንደለኩ ሳይነግሩን ኮረብታውን መክሰስ አይገባም። መነጽሩ ከማሰሪያው ላልቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድመው ሜዳ ላይ በ100 ሜትር ይፈትሹት።

አዳኙ፦ ዝቅ አድርጎ መተኮስ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

የፊዚክስ መምህር፦ ምስጢሩማ አለው። ጠመንጃን ለርቀት ስናስተካክል አፈሙዙ ከእይታ መስመራችን በጥቂቱ ሽቅብ እንዲያይ የምናደርገው፣ ጥይቱ በስበት የሚወርደውን ያህል አስቀድመን ለማካካስ ነው። በዳገትና በቁልቁለት ግን የስበቱ ከፊል ኃይል በጥይቱ መንገድ አቅጣጫ ስለሚውል፣ ጥይቱን ከመስመሩ የሚያወርደው ድርሻ ይቀንሳል፤ ያካካስነው ግን እንዳለ ስለሚቀር ጥይቱ ከፍ ብሎ ያልፋል። ይህ ሽቅብም ሆነ ቁልቁል አንድ ስለሆነ «በተገላቢጦሽ» ያሉት ከመነሻው ስሕተት ነው።

ፈገግታ፦ ዒላማውን አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ አድርገው ቢተክሉት ሁላችንም በተስማማን ነበር።

ጠያቂ፦ የለካሁት በጨረር መለኪያ ነው፤ ዘንበሉም 30 ዲግሪ ነው። ስንት ዝቅ ላድርግ?

አዳኙ፦ አልኩ እኮ፣ ዝቅ ያድርጉ።

ባለ ሰንጠረዥ፦ «ዝቅ» ብቻውን መጠን አይደለም። በጨረር የለኩትን ርቀት በዘንበሉ ማዕዘን ኮሳይን ያባዙት፤ የ30 ዲግሪ ኮሳይን 0.866 ስለሆነ 400 ሜትሩ ወደ 346 ይወርዳልና መነጽሩን ለዚያ ያስተካክሉት። እኔ በጠመንጃዬ ሰደፍ ላይ በፕላስተር የለጠፍኩት ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፦ ለ20 ዲግሪ 0.94፣ ለ30 ዲግሪ 0.866፣ ለ45 ዲግሪ 0.707። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም። ነፋሱን ግን በሙሉው 400 ሜትር ያስሉ፤ ጥይቱ የሚበርረው ያንን ሁሉ ነውና።

ቀስ በቀስ፦ ከማባዛትዎ በፊት መለኪያዎን ይመልከቱ፤ አንዳንዶቹ ዘንበሉን ራሳቸው አስልተው አግድም ርቀቱን ያሳያሉ። 400 የተባለው አስቀድሞ የተቀነሰ ከሆነ፣ ዳግመኛ ሲያባዙት ስሌቱ ይበላሻል፤ ጥይቱ ከፍ ያለውም በዘንበሉ ምክንያት አይደለምና ወደ መነጽሩ ማሰሪያ መመለሳችን ነው።