የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስቴፈን ከሪ እውነት ትምህርቱን አቋርጦ ነው?

ጥያቄ፦
አራት ኪሎ ነው የምንኖረው። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። ከክፍል እንደወጣ በቀጥታ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። የጫማው ሶል ተገንጥሎ በማስቲሽ እየለጠፈ ይጫወታል። ትናንት ማታ ታዲያ «እማ፣ ከሪም እኮ ኮሌጅ አቋርጦ ነው» አለኝ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦
እናቴ፣ ግማሹን ነው የነገረዎት። እኔ እዚሁ ሰፈር ልጆች አሰለጥናለሁ። ከሪን ትልልቆቹ ኮሌጆች ቀጭን ነው ብለው አልፈለጉትም። የወሰደው ትንሹ ዴቪድሰን ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በኮሌጆች ውድድር ጎንዛጋ ላይ ብቻውን 40 ነጥብ አገባ። ጆርጅታውንና ዊስኮንሲንንም አሸነፉ፣ በካንሳስ 59 ለ57 ተሸንፈው ወጡ። ያን ጊዜ ስሙ ገኖ ነበር፤ እሱ ግን ኳስ ማደራጀት ልማር ብሎ አንድ ዓመት ወደ ኮሌጁ ተመለሰ። ይሄን ለልጆቼ ሁሌ ነው የምነግራቸው። በ2009 የአሜሪካ ዋናው ሊግ (ኤንቢኤ) ክለብ ወርየርስ በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በ7ኛነት መረጠው። ቁርጭምጭሚቱ አስቸግሮት ቀዶ ሕክምና ሁሉ አድርጓል። ከዚያ በኋላ ነው 4 ዋንጫ የበላው።

መልስ፦
አንድ ዓመት ሲቀረው መውጣቱ እውነት ነው። ግን በ2022 ዲግሪውን ጨርሷል፤ ያውም በዚያው ዓመት ዋንጫ እየበላ። ኮሌጁም 30 ቁጥር ማልያውን ለክብሩ የሰቀለለት ከተመረቀ በኋላ ነው።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ ልጆቼ። ማታ ሲመጣ አስነብበዋለሁ። አሰልጣኙ፣ ስንት ሰዓት ነው ሜዳ የምትገኘው? ይዤው ልምጣ።