ስለ ታንደም ጋራዥ ለቦርዱ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

12 ቁጥር (አስተባባሪ)፦ ሰላም ጎረቤቶች። የኤችኦኤው (የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን) ቦርድ አዲስ የፓርኪንግ ደንብ አርቅቆ አስተያየት ጠይቆናል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ቤት ሁለቱንም መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ያቆማል፣ ጋራዥ ዕቃ አይቀመጥበትም፣ የነዋሪ መኪና የእንግዳ ፓርኪንግ ላይ ካደረ ቶው ይደረጋል፣ ማለትም ተጎትቶ ይወሰዳል። መኪኖቻቸውን ጎን ለጎን የሚያስገቡትን የዳር ቤቶች ደንቡ ብዙም አይነካቸውም። የመሀሎቹ የእኛ ታውንሃውሶች (ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች) ግን ሁሉም ታንደም ናቸው፤ አንዱ መኪና ገብቶ ሌላው ከኋላው ይዘጋበታል። በየግላችን ኢሜይል ከምንልክ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅተን ሁላችንም ብንፈርምበት ይሻላል። ታንደሙ የጠቀማችሁንም ያስቸገራችሁንም ጻፉልኝ።

5 ቁጥር፦ እኔ ልጀምር። ሥራዬ ሲታክ (ሲያትል-ታኮማ) ኤርፖርት ነው፤ ከቤት የምወጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ከሆስፒታል የምትገባው ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ስለሆነ ጋራዥ ስታስገባው የእሷ መኪና ሁልጊዜ የእኔን ይዘጋዋል። ስለዚህ የእሷን አውጥቼ ውጭ አቆማለሁ፣ የእኔን አወጣለሁ፣ የእሷን መልሼ አስገባለሁ። ያ ሁሉ የሚሆነው ለእሳት አደጋ መኪና በተከለለው መተላለፊያ ላይ ነው፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን መቆም ክልክል ነው። የጋራዡ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ የ6 ቁጥሯ እህታችን ስለምትታገሠን እናመሰግናለን። ይህን ለማስቀረት ስንል ነው ባለቤቴ የእንግዳ ቦታ ላይ የምታሳድረው። ደንቡ ከጸደቀ መኪናዋ ይወሰዳል።

9 ቁጥር፦ ልጆቼ፣ ክፉውን ብቻ አንጻፍ። ጋራዡ ጎን ለጎን ቢሆን ኖሮ ቤቱ ወደ 20 ጫማና ከዚያ በላይ ስፋት ይፈልግ ነበር። የእኛ 16 ጫማ ነው። በዚያው መሬት ላይ የሚሠራው ቤት ያንስ ነበር፣ ዋጋው ደግሞ ይሰቀል ነበር። እዚህ ኬንት ከተማ፣ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ቤት ለመግዛት የቻልነው ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ጠባብ ሆኖ ጋራዥ ሊኖረው የቻለው ደግሞ በታንደም ነው። እኛ አንድ መኪና ነው ያለን። የውስጠኛው ግማሽ ለባለቤቴ ጓዳዋ ነው፦ የጤፍ ዱቄቱ፣ የድግስ ድስቱ፣ ተጣጣፊ ወንበሩ ሁሉ እዚያ ነው። ዝናቡ ሲበረታ የልጅ ልጆቼ ብስክሌት የሚነዱት እዚያው ውስጥ ነው። "ዕቃ አይቀመጥበት" ከተባለ የት እናድርገው?

6 ቁጥር፦ 5 ቁጥሮች፣ በሩን ለምጄዋለሁ፣ አትጨነቁ። ግን የቦርዱንም ችግር እንይ። የእንግዳ ቦታው ስምንት ብቻ ነው። እህቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ መኪናዋን ዋናው መንገድ ላይ አቁማ በጨለማ በእግሯ ነው የምትመጣው። ጋራዡን እስከ በሩ ድረስ በካርቶን ሞልቶ ሁለቱንም መኪና ውጭ የሚያሳድር ሰው ከእኛው መሀል አለ። እሱን የማይነካ ጽሑፍ ከሆነ እኔ አልፈርምም።

12 ቁጥር፦ እውነትሽን ነው፤ ይግባ።

3 ቁጥር፦ ትናንት ማታ ሜትር ይዤ ጋራዡን ለካሁት። ከበሩ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ 37 ጫማ ነው። ግን ግድግዳው ሥር ከፍ ባለ መደብ ላይ የተቀመጠው የውኃ ማሞቂያና ወደ ቤት የሚያስገቡት ሁለት ደረጃዎች 3 ጫማ ይወስዳሉ፤ 34 ቀረ። ሲየና ቫናችን 17 ጫማ ገደማ ናት፣ ካምሪ መኪናችን ደግሞ 16። በሁለቱም ጫፍና በመሀል የሚቀረው ተደምሮ አንድ ጫማ ብቻ ነው። ሰው በመኪኖቹ መሀል አያልፍም፣ የሲየናው የኋላ በርም አይከፈትም፤ አስቤዛ የምናወርደው በተሳፋሪ በር ነው።

ሌላም አለ። በ2024 የወጣው የዋሽንግተን ስቴት ሕግ፣ ሴኔት ቢል 6015፣ ከተሞች የታንደም ቦታን ሲቆጥሩ በየ20 ጫማ ርዝመት አንድ ቦታ ብለው እንዲይዙት ያደርጋል። በዚህ መለኪያ ለሁለት መኪና 40 ጫማ ያስፈልጋል፤ የእኛ አይሞላም። ልብ በሉ፣ ሕጉ ከተሞችንና ካውንቲዎችን እንጂ ኤችኦኤን አይመለከትም። "ደንቡ ሕግ ይጥሳል" ብለን ከጻፍን ጠበቃቸው በአንድ መስመር ያፈርሰዋል። ስቴቱ ራሱ የተጠቀመበት መለኪያ ነው ብለን ብንጠቅሰው ግን ማንም አይቃወመንም።

7 ቁጥር፦ ታዲያ የውስጠኛውን ግማሽ በግድግዳ ከልለን መኝታ ቤት ብናደርገውስ? እናቴ ከአገር ቤት ልትመጣ ነው፣ ጉልበቷ ደረጃ አይችልም። ይህም ይፈቀድልን ብለን እንጨምር?

11 ቁጥር፦ እህቴ፣ የእናትሽ ነገር ይገባኛል፤ ግን ይህን እንዳንጨምር እለምናችኋለሁ። ሥራዬ ግንባታ ነው። የግንባታ ደንቡ (ኮዱ) ከጋራዥ በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል የሚከፈት በር አይፈቅድም። መኝታ ቤት እሳት ቢነሳ ሰው የሚያመልጥበት መስኮት ይፈልጋል፤ የእኛ የኋላ ግድግዳ ድፍን ነው። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ጭሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። በታንደም የውስጠኛው መኪና ጭስ የሚወጣው ከበሩ ርቆ፣ ቤቱ ሆድ ውስጥ ነው። እባካችሁ በሩ ተከፍቶም ቢሆን ማንም እዚያ ውስጥ መኪና አያሙቅ። እናትሽ ከዚያ ጭስ አጠገብ እንዲተኙ አልፈልግም። ደረጃ ላይ የሚገጠም ተንቀሳቃሽ ወንበር አለ፤ ቅዳሜ መጥቼ ደረጃሽን ልለካልሽ።

7 ቁጥር፦ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ይቅር፣ አይጨመር።

2 ቁጥር፦ የእኔ አጭር ነው። ለኤሌክትሪክ መኪናዬ ቻርጀር ላስተክል ነው፤ ገመዱ ወደ በሩ ያለውንም ወደ ውስጥ ያለውንም መኪና እንዲደርስ መሀል ግድግዳው ላይ መሆን አለበት። በ2022 በወጣው የስቴቱ ሕግ ኤችኦኤ ያለ በቂ ምክንያት ቻርጀር መከልከል አይችልም፤ ፈቃድ ባለው ሰው ይተከል ማለት ግን ይችላል። አዲሱ ደንብ ስለዚህ ምንም ስለማይል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ።

9 ቁጥር፦ ለቅሶውን ረሳችሁት! ሰው ሲሞትብን መኪናው አንድ ሁለት ብሎ አይመጣም፤ ቀን ከሌት ነው የሚጎርፈው። የፋሲካ ሌሊትም እንዲሁ። ያን ጊዜ መኪና ከተጎተተ ሐዘን በሐዘን ላይ ነው። ቀድመን ካሳወቅን ቶው እንዳያደርጉ እንጠይቅ።

12 ቁጥር፦ ጋሼ ልክ ነዎት። እስካሁን የተባለውን አጠናቅሬ ያወጣሁት ረቂቅ ይኸው፦

"እኛ የታንደም ቤቶች ባለቤቶች የእንግዳ ፓርኪንግ ለእንግዳ መዋል እንዳለበት እንስማማለን። የጋራዦቻችን ልክ ግን በተግባር ሁለት መኪና እንደ ልብ አያስገባም፤ ልኬቱን አያይዘናል። ስለዚህ ማንኛውም የታንደም ቤት ቢያንስ አንድ መኪና ሁልጊዜ ጋራዡ ውስጥ እንዲያቆም ይገደድ፤ ጋራዡን በዕቃ ሞልቶ አንድም መኪና የማያስገባ ይቀጣ። የውስጠኛው ግማሽ ግን ለዕቃ እንዲውል ይፈቀድ፤ መኖሪያ ክፍል ማድረግ ይከልከል። የሥራ ሰዓታቸው የሚጋጭባቸው ቤቶች ማስረጃ አቅርበው የሌሊት ፈቃድ ያግኙ። የቻርጀር ተከላ በስቴቱ ሕግ መሠረት ይስተናገድ። በለቅሶና በበዓል ቀድሞ ለቦርዱ ላሳወቀ ቤት ቶው ይታገድ።"

6 ቁጥር፦ የሌሊት ፈቃዱ ገደብ ይኑረው። ከስምንቱ ቦታ ከሦስት በላይ እንዳይሆን፣ በየስድስት ወሩም ይታደስ። ያለበለዚያ እህቴ ያው በጨለማ በእግሯ መምጣቷ ነው።

5 ቁጥር፦ እስማማለሁ። ሦስት ይበቃናል፤ አሁን ሺፍቱ የሚጋጭብን እኛና 10 ቁጥሮች ብቻ ነን። ማስረጃው ግን ከአሠሪ የሚጻፍ ደብዳቤ ይሁን፤ የደመወዝ ወረቀት ለጎረቤት አይታይም።

12 ቁጥር፦ ሁለቱም ገብተዋል። 2 ቁጥር፣ እንግሊዝኛውን አንተ አዘጋጅልን። 3 ቁጥር፣ ቦርዱ "የአንድ ቤት ልክ ነው" እንዳይለን የሌሎቻችንንም ጋራዥ ለካልን፤ በሩን ክፍት አድርገን እንጠብቅሃለን። ስብሰባው ሐሙስ ነው፤ ፊርማው ማክሰኞ ማታ እኔ ቤት ይሰበሰባል።