የፍየል ወተት የኢንሱሊን መርፌን ያስቀራል ወይ?

የማራኪው ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ ስኳር ከያዛት ቆየ፣ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። ፍሪጅ ስለሌለን ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ ውኃ ያለበት ሸክላ ውስጥ ነው የምታኖረው። ቅዳሜ ገበያ ወጥታ አንዲት ጥቁር ፍየል ከነግልገሏ እየነዳች መጣች። ምንድን ነው ስላት "ፈረንጆቹ ከፍየል ወተት መድኃኒት እያወጡ ነው አሉ፣ ሻጩ ነው የነገረኝ፣ ይቺን እያለብኩ ብጠጣ መርፌው ይቀርልኛል" አትለኝም! ሰውየው ዋጋ ለመስቀል ያወራው መስሎኝ ነበር፤ ግን እኔም የሆነ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር አንብቤያለሁ። እውነት ነው? ዛሬ ጠዋት መርፌውን ዘላዋለች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ቴዎድሮስ ግቢ፦
ወንድሜ፣ ወተቱን ተወውና አሁኑኑ ስኳሯን አስለካት፤ መርፌውን እንዴት እንደምትቀጥልም ሐኪሟን ጠይቅ። ይሄ የሚያድር ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ፍየሏ። እኔ እንስሳት ሕክምና ነው የምማረው። ወሬው ከመሬት አልተነሳም፤ እንዲህ ያሉ ፍየሎች አሉ፣ ግን ገበያ ላይ አይነዱም። የሰውን ጂን፣ ማለት አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረውን የዘር መመሪያ፣ ይወስዱና ፍየሏ የወተት ፕሮቲን ከምታዝበት ማብሪያ ማጥፊያ ጋር ያያይዙታል። ጂኑ ገና ከጽንሱ ስለሚገባ ስታድግ ፕሮቲኑ ግቷ ውስጥ ይሠራል፣ ከወተቱ ጋር ይወጣል። በዚህ መንገድ ደም ያለቦታው እንዳይረጋ የሚጠብቀው አንቲትሮምቢን የሚባል ፕሮቲን ተመርቶ ኤትሪን በሚል ስም አውሮፓ ውስጥ በ2006፣ አሜሪካ ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። በዘመኑ እንደተነገረው አንዷ ፍየል በዓመት የምትሰጠውን ያህል ከሰው ደም ለማውጣት 90,000 ጊዜ ደም መለገስ ያስፈልግ ነበር። በኋላ ግን ከገበያ ወጣ።

የእናትህ ፍየል ግን የገጠር ፍየል ናት። ወተቷ ወተት ነው።

የማራኪው ልጅ፦
ወስጃታለሁ፣ ከፍ ብሎ ነበር፣ ተወግታ ተመልሰናል። እግዜር ይስጥልኝ። ግን እንዲያው የሰው ጂን የገባላት ፍየል ብትኖረንስ፣ መጠጣቱ አይበቃም ነበር?

ፒያሳ ፋርማሲስት፦
አይበቃም። ኢንሱሊንም ሆነ አንቲትሮምቢን ፕሮቲን ናቸው፤ ሆድ ደግሞ ፕሮቲን ሲያገኝ ከሽሮና ከሥጋ አይለይም፣ ይፈጨዋል። ስለዚህ የነዚያ ፍየሎች ወተት መጀመሪያ ስቡ ይወጣለታል፣ አይብ የሚሆነው ይለያል፣ ከቀረው አጓት መሰል ነገር ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱ በማጣሪያ ላይ ማጣሪያ እየተለቀመ ይወጣል። ሲያልቅ በደም ሥር ነው የሚሰጠው። ማንም ብርጭቆ አንስቶ አልጠጣውም።

ለኢንሱሊን ደግሞ ፍየል ማን ይፈልጋል? ትንሽ ፕሮቲን ነው፣ 51 አሚኖ አሲድ ብቻ። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባክቴሪያ ሲሠራው ኖሯል፣ እርሾም ይሠራዋል። በ2024 ብራዚል ውስጥ ኢንሱሊን ያለው ወተት የሰጠች ላም ታይታለች፣ ግን ሙከራ ነው። ግት የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ለማይችላቸው ትልልቅና ስኳር የተሰካባቸው ፕሮቲኖች ነው።

አያ ሙላት፦
እኔ ጥንቸልም አለችበት ሲባል ሰምቻለሁ። ኧረ ጥንቸል ምኗ ይታለባል? እኛ ቤት ሥጋዋ እንኳ አይበላም።

ፒያሳ ፋርማሲስት፦
ትታለባለች አያ፣ ለሷ ልክ በተሠራች ትንሽ ማለቢያ። ሩኮኔስት የሚባለው መድኃኒት ከጥንቸል ወተት ነው የሚወጣው፤ አውሮፓ በ2010፣ አሜሪካ በ2014 ፈቅደውታል። ፊትና ጉሮሮ ድንገት የሚያሳብጥ በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ፣ ለሱ ነው።

ቴዎድሮስ ግቢ፦
ሁሉም ግን አልተሳካም። ስኮትላንድ ውስጥ በ1990 የተወለደች ትሬሲ የምትባል በግ ከአንድ ሊትር ወተቷ 35 ግራም ገደማ ለሳንባ ሕመም የታሰበ የሰው ፕሮቲን ትሰጥ ነበር። ይሄ በጣም ብዙ ነው። እንዲያም ሆኖ መድኃኒቱ ገበያ ሳይደርስ ቀረ። ስለዚህ ማንም "የመድኃኒት ፍየል" ብሎ ሲሸጥላችሁ ኪሳችሁን ያዙ።

የማራኪው ልጅ፦
ለእማዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ የነሱም መጨረሻው መርፌ ነው እንዴ?" አለች። አዎ ስላት ሳቀች። ፍየሏን ግን አትሸጥም፣ ግልገሉን ወዳዋለች። ቅዳሜ ሻጩን ፈልጌ ላናግረው ነው።